የአንገቴ ንፍፊትና የእናቴ ቦታ

ትናንት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አንዲት ሴትዮ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ በማዳበሪያ የቋጠረችውን የተፈጨ በርበሬ እግሯ ሥር አስቀመጠች። ብዙም ሳንርቅ ረዳቱ አስነጠሰ። ቀጥሎ ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ፣ ከዚያ መኪናው በሙሉ ሳል በሳል ሆነ፤ መስኮት ክፈቱ፣ አውርዷት፣ ኧረ ነውር ነው የሚለው ተቀላቀለ። እኔ ብቻ ምንም አልሆንኩም። አጠገቤ ያለው ሰውዬ አፉን በመሐረብ ይዞ እንደ ጉድ ያየኛል። እጄ ግን ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄዶ፣ ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ሲዳብስ አገኘሁትና ተናደድኩ። ስንት ዓመት አልፎት ዛሬም ያናድደኛል። ይኸውላችሁ፣ ያችን ጠባሳ ባተረፈልኝ ሕመም ምክንያት እናቴ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ላይ የነበራትን ቦታ አጣች። ያጣችውም በከንቱ ነው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማስበው።

እናቴ ከወሎ የመጣች የበርበሬ ነጋዴ ነበረች። አባቴ ገና ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ ያሳደገኝ በርበሬ ነው ብል አልዋሸሁም። ቦታዋ በረንዳው ላይ ከአንድ ምሰሶ ሥር፣ ሦስት ጆንያና አንድ ዱካ የሚያስቀምጥ ብቻ ነበር። ግን እዚያ ዱካ ላይ ስትቀመጥ ማንም ደፍሮ አይከራከራትም። ዛላውን አንስታ በጣቶቿ ትሰብረውና ታሸተዋለች፤ ከየት እንደመጣ፣ ዝናብ መቶት እንደሆነ፣ አሮጌ ከአዲስ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ትናገራለች። ጅምላ ነጋዴዎች እንኳ ጭነት ሲመጣላቸው "እስቲ አንቺ አሽትቺልን" እያሉ ይለምኗት ነበር። ፊቷን ካጠቆረች ጭነቱን ያመጣው ሰውዬ ይዞት ይመለሳል።

እኔ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ አጠገቧ ተቀምጬ የበርበሬ እንብርት እቀነጥሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በሸራው ቀዳዳ ስትገባ ቀዩ ብናኝ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። ከአንዋር መስጊድ የዐስር ሶላት አዛን ይሰማል፤ ወዲያ ማዶ ወፍጮው ይጮኻል። በርበሬው አያስነጥሰንም፤ ለምደነዋል። ግን አንዲት ደረቅ ሳል የሌለችው ሰው እዚያ አልነበረም። ሳል እኛ ዘንድ ጉሮሮ መጥረጊያ ነበር፤ ሰው ሲገባም፣ ዋጋ ሲጠራም፣ ዝም ለማለት ሲፈልግም ይስላል። ይህን ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የጀመረው ከዚህ ነው።

የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አንድ እሑድ ፀጉሬን ስታጠብ ከአንገቴ በስተቀኝ፣ ወደ ኋላ በኩል፣ ሽምብራ የሚያህል ነገር ጣቴ ላይ ተንከባለለ። ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ነበር። ስነካው ያመኛል፤ ቦርድ ለማየት አንገቴን ሳዞርም ያመኛል። ሳምንት ሳይሞላው ሽምብራው ባቄላ አከለ፣ አመሻሽ ላይ ትኩሳት መምጣት ጀመረ፣ ጠዋት ስነሳ አንሶላዬ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ምግብ አስጠላኝ። ዩኒፎርሜ ሰፋኝ። ደብተሬን ገልጬ አንድ ገጽ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይጥለኛል።

መርካቶ ውስጥ መታመም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልታመመ አያውቀውም። ሐኪም ከማየቴ በፊት ገበያው በሙሉ አየኝ። ከኛ ፊት ለፊት ዝንጅብል የምትሸጠው ሴትዮ፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ፣ አንገቴን እንደ ዕቃ ዳበሰችና "ንፍፊት ነው፤ ቁስል ይኖራታል" ብላ ፈረደች። ቁስል ፍለጋ እግሬን አየች፤ ፀጉሬን በመላ ፈልቅቃ አየች፤ ጥርሴን ሳይቀር አስከፍታ አየች። ባይገኝም ተስፋ አልቆረጠችም። ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ "ዋጪ" ትለኛለች፤ ዝንጅብል ቀጥቅጣ አንገቴ ላይ ታስራለች፤ እኔ አቃጠለኝ ስላት "በሽታው ነው የሚቃጠለው" ትለኛለች።

አጎቴ ደግሞ ባሰ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዱባይ ተራ ጫማና ሻርፕ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። አንገቴን በስልኩ ፎቶ አነሳና ለደንበኞቹ ማሳየት ጀመረ። ጫማ ሊለካ የገባ ሰው ሁሉ ምርመራ እያካሄደ ይወጣል። አንዱ ቡዳ ነው ይላል፤ አንዱ የጥርስ ነው ይላል፤ አንዷ የእህቷ ልጅ እንዲሁ ጀምሯት ሞተች ብላ ሁለት ጥንድ ጫማ ገዝታ ሄደች። ከሁሉም አጎቴን ደስ ያለው ይተኮስ ያለው ሰውዬ ምክር ነው። "በእሳት ሦስት ቦታ ነካ ነካ ይደረጋል፣ በቃ" ብሎ ለእናቴ ሲያስረዳት፣ ያን ጊዜ ብቻ ዱካዋን ትታ ተነሳች። "ልጄን እሳት የሚያስነካ ካለ መጀመሪያ እኔን ያስነካኝ" አለችው። አጎቴ ስልኩን ኪሱ ከተተ። በማግሥቱ እንደገና አወጣው።

በመጨረሻ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ጎልማሳ ሰው ነበር፤ ውጭ ወረፋው ረጅም ነበርና አንገቱን ቀና ሳያደርግ ይጠይቀኛል።

"ትኩሳት?"

"አለኝ።"

"ላብ? ክብደት መቀነስ?"

"አለኝ።"

"ትስያለሽ?"

"አዎ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁልጊዜ።"

"ቤታችሁ ሌላ የሚስል ሰው አለ?"

እናቴ ቀድማኝ "ሁላችንም" አለች። ያኔ ነው ቀና ብሎ ያየን።

እኛ እውነቱን ነው የነገርነው። እሱ ደግሞ የት እንደምንውል አልጠየቀም፤ በርበሬ መሐል መዋል እንደሚያስል ለሐኪም መንገር ለኛ ውሃ ያርሳል ብሎ እንደመንገር ነው። በመርፌ ከእጢው ቀድተው ሲያዩ የሞተ ሥጋ የሚመስል ነገር ተገኘ። የቲቢው ተሕዋሲ ራሱ አልታየም፤ "ብዙ ጊዜ አይታይም" አሉን። የሚያብጥ አንገት፣ ትኩሳት፣ ላብ፣ ሳል፣ የሚስል ቤተሰብ ተደማመረና ቲቢ ሆነ። የብዙ ወራት ኪኒን ተጀመረልኝ። ሰፈሩም ወዲያው ሰማ። አጎቴ በር ላይ ቆሞ ያናግረኝ ጀመር፤ ፎቶዬን ለዓለም ሲያሳይ ያልፈራ ሰው።

ኪኒኑን በጀመርኩ በማግሥቱ ሽንቴ ቀላ። ቀላ ስል ትንሽ አይምሰላችሁ፤ ድልህ የፈሰሰበት ውሃ ነው የሚመስለው። ደንግጬ "እማ" ብዬ ተጣራሁ። እናቴ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው። ኪኒኑ እንደዚያ እንደሚያደርግ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ተነግሮን ከነበረም በዚያ ግርግር አልሰማነውም። እናቴ ግን ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ዕድሜዋን በሙሉ ያን ቀለም ስታይ ኖራለች፤ ጥፍሯ ሥር ነው፣ ልብሷ ላይ ነው፣ የምትታጠብበት ውሃ ውስጥ ነው። "በርበሬው ነው" አለች ቀስ ብላ። "ደምሽ ውስጥ ገብቷል። ከልጅነትሽ ጀምሮ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ።"

አይደለም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ባዮሎጂ እየተማርኩ እኮ ነው። በርበሬ በሳንባ ገብቶ በሽንት አይወጣም አልኳት፤ ኩላሊት ሳልኩላት። "ኩላሊትሽን ተይው፣ እኔ ያየሁትን አየሁ" አለችኝ። በዚያው ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ነዝር ገባች፤ ለአላህ ስለት ማለት ነው። ልጄን ካተረፍክልኝ በርበሬ በረንዳ ተመልሼ አልቀመጥም አለች። ጮክ ብላ ስለተናገረችው እኔም ሰማሁት። እስክድን እንኳ አልጠበቀችም፤ በማግሥቱ ጠዋት ሄዳ ቦታዋን ለዝንጅብሏ ሴትዮ አስረከበች። ዱካዋን ብቻ ይዛ ተመለሰች።

እኔ ግን አልተሻለኝም። ኪኒኑን እውጣለሁ፣ ሽንቴ ቀይ ነው፣ ትኩሳቱ አመሻሽ ላይ እንደ ሠራተኛ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ጉንጬ ላይ ሽፍታ ወጣ። ጉልበቴና የእጄ አንጓ ይቆረጥመኛል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ እናቴ ሥራ ፈት ሆና ተቀምጣ ታየኛለች። ይህ ከትኩሳቱ በላይ ያደክመኝ ነበር። ሥራ የለመደ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ያኔ ነው ያየሁት።

ትልቁ ሆስፒታል የሄድነው የክሊኒኩ ሐኪም ራሱ "ካልተሻላት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል" ብሎ ሲልከን ነው። የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። እናቴና የዝንጅብሏ ሴትዮ ግራና ቀኝ ይዘውኝ ገቡ። እናቴ ልትቀመጥ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ስታስተካክል ሐኪሟ አስነጠሰች። ይቅርታ ብላ እንደገና አስነጠሰች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቴ በርበሬ ከተወች ቆይታለች፤ ነጠላው ግን ቢታጠብ ቢታጠብ አልለቀቀውም ነበር።

"ይቅርታ፣ ሥራችሁ ምንድነው?" አለች ሐኪሟ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ያን ጥያቄ እስከዚያ ቀን የጠየቀን አልነበረም። የዝንጅብሏ ሴትዮ ስለ በርበሬ በረንዳ፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ብናኙ፣ ስለ ሳሉ በዝርዝር አስረዳቻት፤ መሐል ላይ ራሷም እየሳለች። ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ "እሺ፣ ሳሉን ወደ ጎን እንተወው" ብላ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አንገቴን በሁለቱም በኩል፣ ብብቴን፣ ሆዴን ዳበሰች። ፀጉርሽ ይነቃቀላል ወይ፣ አፍሽ ውስጥ ይቆስላል ወይ፣ ፀሐይ ሲነካሽ ሽፍታው ይብሳል ወይ አለችኝ። ደሜ ሲታይ ነጭ የደም ሴሌ ዝቅ ብሏል። ራጁ ንጹሕ ነው። "በአንድ በኩል የሚያብጥና የሚያም፣ ትኩሳት ያለው፣ በወጣት ሴት ልጅ ላይ... አንድ የምጠረጥረው ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ግን ሳላይ አልናገርም" አለች። መርፌ አይበቃም፣ አንዱ እጢ ሙሉውን ወጥቶ ይመርመር ተባለ። ጠባሳዬ የዚያ ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ የነበረውን ጊዜ አልወደውም። ካንሰር የሚለውን ቃል በአፉ የጠራ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን በለስላሳ ድምፅ ያናግረኝ ጀመር። ፎቶዬን ገበያ ሲያዞር የነበረው አጎቴ እንኳ ስልኩን ደብቆ አዲስ ጫማ አምጥቶ ሰጠኝ፤ ደግሞ የሚያምር ጫማ። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት። ሰውዬው በነፃ ጫማ ሰጥቶ አያውቅም።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ፊት ላይ እፎይታ ይነበብ ነበር። "ቲቢ አይደለም። ካንሰርም አይደለም።" በአንድ የጃፓን ሐኪም ስም የሚጠራ የሊምፍ እጢ ሕመም ነው፤ ወጣቶችን፣ ይበልጡን ሴቶችን ይይዛል፤ ጥቂት ሰው ነው የሚገጥመው፤ እጢው ውስጥ ያለው ሥጋ ስለሚሞት በመርፌ ሲያዩት ቲቢ ይመስላል አለችን። ስሙን ነገረችን፤ እኛ ቤት አንድም ቀን አቃንቶ የጠራው የለም። አጎቴ ከኋላ ሆኖ "የጃፓን ከሆነ እንኳን ኦርጅናል ነው" አለ። ማንም አልሳቀለትም።

"መድኃኒቱስ?" አለች እናቴ።

"አያስፈልጋትም። ለትኩሳቱና ለሕመሙ ማስታገሻ እሰጣታለሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።"

"ምን አመጣባት?"

"በእርግጠኝነት አይታወቅም።"

"በርበሬው ነው?"

"አይ፣ በርበሬው አይደለም" አለች ሐኪሟ በርኅራኄ። የቲቢውን ኪኒን እንዳቆም ነገረችኝ። እግረ መንገዷንም "ሽንትሽን አቅልቶት ይሆናል፣ እሱ የኪኒኑ ቀለም ነው፤ አትስጉ" አለች። እናቴ ጉልበቷ ላይ ያሉትን እጆቿን አገላብጣ አየች። ክፍሉ ውስጥ ያ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሠራ ያወቅነው እሷና እኔ ብቻ ነን።

እንደተባለውም ሆነ። ትኩሳቱ አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ በማግሥቱም አልመጣም። ባቄላው ወደ ሽምብራ፣ ሽምብራው ወደ ምስር ወረደና አንድ ቀን ስፈልገው አጣሁት። አልፎ አልፎ የሚመለስበት ሰው አለ፣ ሌላ በሽታም ሊከተለው ይችላል ስለተባለ በየጊዜው እየሄድኩ እታያለሁ፤ እስከ ዛሬ ደህና ነኝ።

ደህና ከሆንኩ በኋላ ነው ትልቁ ንዴት የጀመረኝ። የዝንጅብሏ ሴትዮ ቦታውን ልትመልስ ዝግጁ ነበረች፤ "ቦታው የሷ ነው፣ በመጣች ሰዓት ጆንያዬን አነሳለሁ" ትላለች። ጅምላ ነጋዴዎቹ ቤት ድረስ ዛላ ይዘው መጥተው "አሽትቺልን" ብለዋል። እናቴ በር ላይ ቆማ በጨዋ ደንብ መልሳቸዋለች፤ ዛላውን በእጇ አልነካችውም። እሷ እምቢ ትላለች፣ እኔ እጨቃጨቃለሁ፣ እሷ ትሰግዳለች፣ እኔ ሰግዳ እስክትጨርስ ጠብቄ እንደገና እጨቃጨቃለሁ።

እንዲያውም ሰፈራችን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ሸህ ዘንድ ሄጄ ጉዳዩን ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። "ሐላል እንጀራዋን ትታ ትቸገር የሚል የለም፤ ለነዝሯ ማካካሻ አለው። ድሆችን ታብላና ወደ ሥራዋ ትመለስ፤ እኔ ብያታለሁ በያት" አሉኝ። እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት። ለእናቴ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። "አላህ ይስጣቸው፣ እውነታቸውን ነው" አለች። በዚያው ጁምዓ ዳቦና ሾርባ አዘጋጅታ፣ የአንዋር መስጊድ ሶላት ሲያልቅ ለችግረኞች አበላች። ደስ አለኝ፤ ነገ ዱካዋን ተሸክሜ እወስድላታለሁ ብዬ አሰብኩ። ዱካዋን አላነሳችም። "ያበላሁት ስለዳንሽልኝ ነው" አለችኝ። "ነዝሩ ሌላ ነገር ነው።" እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ይደረጋል?

አሁን የምትውለው አጎቴ ሱቅ ዱባይ ተራ ነው፤ ሻርፕ ትሸጣለች። በርበሬ ሰብራ በማሽተት ብቻ አገሩን የምትለይ ሴት፣ ሐር ከናይለን አትለይም። ደንበኛ "የቱርክ ነው የቻይና?" ሲላት ወንድሟን ትጣራለች። እሱም ከውስጥ ሆኖ ያርማታል፤ እሱ፣ እናቴን። ያን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ሱቁ ጎራ ብዬ አጎቴ ምሳ ሲወጣ ብቻችንን ሆንን። አላስችል ብሎኝ እንደገና አነሳሁባት።

"እማ፣ ሐኪሟ እኮ በራሱ ይጠፋል ብላሻለች። ብትሳይም ባትሳይም እድን ነበር።"

"ሰምቻለሁ።"

"ቀዩም የኪኒኑ ነው።"

"እሱንም ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም።"

"ታዲያ ለምን?"

እናቴ የያዘችውን ሻርፕ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። "በሰጠሁበት ቀን እኮ አላውቅም ነበር" አለች። "ልትሞችብኝ መስሎኝ ነው የሰጠሁት። አሁን አወቅሁ ብዬ አላህን መልስልኝ ልበለው?"

 ይህን ብላ ሻርፑን አጥፋ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ማጠፉን አልለመደችውም፤ ጫፍና ጫፉ አይገጥምላትም። ለሶላት ስትወጣ ጠብቄ የደረደረቻቸውን አወረድኩና አንድ በአንድ እንደገና አጠፍኳቸው። ስትመለስ አየቻቸው፤ ያልታጠፈ ሌላ ሻርፕ አንስታ አቀበለችኝ።